አባባ ሱቃቸውን ለምን በጊዜ እንደሚዘጉ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለእምሩ ዘገዬ
ጎዴ

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህ አሁንም ረጅም መንገድ ስትሄድ ያምሃል ወይስ ተሻለህ? ፍዮሪስ እንዴት ናት? ሚናስና ሊያ መቼም አድገዋል፤ በላክኸው ፎቶ ላይ ሳያቸው ሚናስ ትከሻህ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሙቀቱስ ትንሽ በረደላችሁ? እዚህ ጥር ገብቶ የጠዋቱ ብርድ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ከእናንተ ፀሐይ ግማሹን ብትልኩልን አንጠላም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ፊልሞን ደህና ነው፣ ያቤፅና ሩቲ ደህና ናቸው፣ አባባም ደህና ናቸው።

አባባ ደህና ናቸው ያልኩህን ደግመህ አንብበው። ባለፈው ሳምንት ስትደውል ድምፅህ ልክ አልነበረም። ከአባባ ሱቅ ጎን ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ዘይኑዲን «አባትህ በአሥር ሰዓት ተኩል እየዘጉ ነው የሚሄዱት» ብሎ እንደነገረህ ስትነግረኝ፣ ታመው እኔ የደበቅሁህ መስሎህ እንደነበር ገባኝ። ልነግርህ ስጀምር መስመሩ ተቆረጠ፣ ደግመህ ስትደውልም ተቆረጠ። ደግሞም ይህ ነገር በስልክ ተቆራርጦ የሚነገር አይደለም። ዛሬ እሁድ ነው፣ ልጆቹ ከፊልሞን ጋር ወጥተዋል፤ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ። ሐሙስ ወደ እናንተ የሚመጣው የመሥሪያ ቤትህ ሾፌር ይዞልህ ይመጣል።

አባባ አልታመሙም። ታሪኩ የሚጀምረው ከያቤፅ ነው።

ያቤፅ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል መግባቱን ታውቃለህ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ አስተማሪው ሚስ ትርሓስ አስጠራችኝ። ከቢሮ አስፈቅጄ እየሮጥኩ ሄድኩ። ደብተሩን ከፍታ አሳየችኝ። ፊደሎቹ መስመሩ ላይ በደንብ ይጀምሩና መሃል ሲደርሱ እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ፤ መጨረሻ ላይ አንድ ረጅም ጭረት ብቻ ይቀራል። «እዚህ ጋ እንቅልፍ ወሰደው» አለችኝ በጣቷ እየነካች። «እዚህም። እዚህም።» ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ በየቀኑ ጠረጴዛው ላይ ድፍት ይላል። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ልጁ ገና አልበሰለም፣ ወደ ኬጂ ይመለስ ማለት ጀምረዋል። ይህን ከነገረችኝ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ግን ሰነፍ ነው ብዬ አላምንም። ለመሆኑ ማታ በስንት ሰዓት ነው የሚተኛው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ወንድምዓለም፣ መልሱን ለመናገር አፈርኩ። ያቤፅ የሚተኛው አራት ሰዓት ተኩል ነው፣ አንዳንዴም አምስት። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰርቪሱ እንዳያመልጠው ብዬ ዐይኑ ሳይገለጥ ካልሲ የማደርግለት እኔው ነኝ። ይህን ሁሉ በየቀኑ እያየሁ አንድም ቀን አልቆጠርኩትም ነበር። «አንድ ወር ስጡኝ» አልኳት። «አንድ ወር አስፈቅድልሻለሁ» አለችኝ።

ያን ቀን እጁን ይዤው ወደ ቤት ስንሄድ፣ «ማሚ፣ ስሜን የምትጠራው ሚስ ብቻ ናት። ሌሎቹ ትራስ ነው የሚሉኝ» አለኝ። አላለቀሰም። እንደ ተራ ወሬ ነው የነገረኝ። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ከፊልሞን ጋር ተነጋገርን። እራት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንዲሆን፣ ከዚያ ፊትና እግር ታጥበው፣ ጸሎት አድርሰው፣ ትንሽ ተረት ሰምተው፣ ልክ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን መብራት እንዲጠፋ ወሰንን። ፊልሞን ኳስ ሳያይ ማደር እንደማይሆንለት ታውቃለህ፤ እሱ ራሱ ተነስቶ የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቀለና ጠቀለለው። ከዚያ እኔ ልለው የፈራሁትን አለው፦ «አባባስ?»

አንተ እዚህ ስላልነበርክ አላየኸውም እንጂ፣ እማዬ ካረፈች ጊዜ ጀምሮ አባባ እራታቸውን የሚበሉት እኛ ጋ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ የጥራዝ ሱቃቸውን ቆልፈው፣ ከስድስት ኪሎ በአፍንጮ በር በኩል ቁልቁል ወርደው፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግረው በእግራቸው ነው የሚመጡት። ታክሲ ያዙ ብንላቸው አይሰሙም። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል በሩን ያንኳኳሉ። በኪሳቸው ከተማሪዎች ጥራዝ የተረፈ ባለቀለም ወረቀት አይጠፋም። ያን ጊዜ ቤቱ ይደበላለቃል፤ ሩቲ አንገታቸው ላይ ትወጣለች፣ ያቤፅ ወረቀቱን ይዘረግፋል፣ እሳቸውም ኮታቸውን ሳያወልቁ ምንጣፉ ላይ ይቀመጡና ትንንሽ ደብተር ይሰፉላቸዋል። ከእማዬ ሞት ወዲህ የአባባን ሳቅ የሰማሁት እዚያ ምንጣፍ ላይ ብቻ ነው። ታዲያ ይህን እንዴት አድርጌ ልከልክል?

ደግሞ እኔን ታውቀኛለህ። አንተ ከልጅነትህ የተሰማህን ፊት ለፊት ትናገራለህ፤ እኔ ለአባባ እምቢ ብዬ አላውቅም። የመጀመሪያ ቀን ሳህን እያጠብኩ ስለማመደው የዋልኩትን ንግግር ይዤ ቀረብኩና «አባባ» አልኩ፤ ቀና ብለው ሲያዩኝ «ወጥ ልጨምርልዎት?» ብዬ ተመለስኩ። በማግስቱ ልሸኛቸው ወጥቼ እስከ ድልድዩ ድረስ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ዝናብ አወራሁ። ቅዳሜ ዕለት ግን አፌ እምቢ እንደሚለኝ ስላወቅሁ፣ ምንም ሳልናገር የያቤፅን ደብተር አምጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት።

አርባ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሲጠርዙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ገጽ ማየት ያውቁበታል። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ገጽ ገለጡ። እኔም ዐይኔን ጨፍኜ ተናገርኩት፦ «አባባ፣ ከሰኞ ጀምሮ ልጆቹን በአንድ ሰዓት ተኩል ላስተኛቸው ነው። እርስዎ ሲመጡ እራትዎ ይቆይዎታል፣ እኛም እንጠብቅዎታለን። እነሱን ግን ተኝተው ነው የሚያገኟቸው።»

ደብተሩን ዘግተው ሽፋኑን በመዳፋቸው ደጋግመው ዳበሱት። ከዚያ «እሺ ልጄ» አሉ፣ ተነሱ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉና ሄዱ። እራታቸውን ግማሹን ትተውት ነበር።

ሰኞ አልመጡም። ስደውል «ሥራ በዝቶብኛል፣ እራት አታቆዩልኝ» አሉኝ። ማክሰኞም አልመጡም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኘናቸው፤ ልጆቹን አቅፈው ሳሙ፣ እኔንም ሳሙኝ፣ ቸኩለው ሄዱ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የእኛን በር አላንኳኩም።

ልጆቹን ማስተኛቱ ደግሞ በራሱ ትግል ነበር። የመጀመሪያው ማታ ሩቲ ውሃ ጠማኝ ብላ አራት ጊዜ ተነሳች። ያቤፅ አልጋው ላይ ተቀምጦ ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር «እሳቸው ናቸው» ይላል። አባባ ዛሬ አይመጡም ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ጎረቤታችን እትዬ የሺዓለም ለቅሶውን ሰምተው በር አንኳኩና፣ «አንቺ ትህትና፣ ልጆችሽን ከዶሮ ጋር ነው እንዴ የምታስተኚያቸው?» አሉኝ። ሳቅሁላቸው፤ በሩን ስዘጋ ግን እንባዬ መጣ። ሦስተኛው ቀን ላይ በቃኝ፣ ይቅር፣ አባቴን አስቀይሜ የማገኘው እንቅልፍ ምን ያደርግልኛል ብዬ ስልኬን አንስቼ ነበር። ፊልሞን ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ፣ «አንድ ወር ብለሻል። ለመምህሯም ቃል ገብተሻል። አባባን እኔም እወዳቸዋለሁ፣ ግን ትራስ የሚሉት ልጁን ነው እንጂ እሳቸውን አይደለም» አለኝ።

አራተኛው ቀን ላይ ሁለቱም ተረቱ ሳያልቅ ተኙ። ሰባተኛው ቀን ጠዋት ልቀሰቅሰው ስገባ ያቤፅ ካልሲውን ራሱ አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «ማሚ፣ ዛሬ አልጎተትሽኝም» አለኝ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈለግሁ፤ መጀመሪያ የታሰቡኝ ደግሞ የተቀየሙኝ አባቴ ናቸው።

አሥረኛው ቀን ረቡዕ ነበር። አላስችለኝ ሲል ከቢሮ ቀደም ብዬ ወጥቼ ስድስት ኪሎ ሄድኩ። ገና ከታክሲ ስወርድ ዘይኑዲን አየኝና ከኮፒ ማሽኑ ተነስቶ መጣ። «ትሁት፣ አባትሽን ምን አደረግሻቸው?» አለኝ። «ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚከፍቱት። ማታ ደግሞ ተማሪዎቹ ቁልፉን እያዩ እኔ ላይ ይጮሃሉ።» በሱቁ በር ላይ በእጅ ጽሑፋቸው የተለጠፈ ወረቀት አሳየኝ። የሥራ ሰዓት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ይላል።

ገባሁ። አባባ መጠረዣው ላይ ጎንበስ ብለው የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ሽፋን እየለጠፉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ፣ በክርናቸው ወንበር ጠቆሙኝ፤ እጃቸው ኮላ ነበር። ቁጭ ብዬ፣ «አባባ፣ ተቀይመውኛል?» አልኳቸው።

«በምን?» አሉ።

«መምጣት ተዉ።»

ብሩሹን አስቀመጡት። «እኔ እኮ አርባ ዓመት ማታ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ» አሉኝ። «ማታ የለመደ እጅ በአንድ ቀን ወደ ጠዋት አይዞርም። ለልጆቹ በጊዜ እመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቼ በማግስቱ ብቀርስ? ያቤፅ በር በር ሲያይ ሊያመሽ ነው? መጀመሪያ ይሆንልኝ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው። ያለፈው ሳምንት አልሆነም፤ ወረቀቱን ለጥፌም ደንበኛ ሲለምነኝ እያመሸሁ ነበር። ሰኞ ግን በሰዓቱ ዘጋሁ። ትናንትም ዘጋሁ። ዛሬ ከዘጋሁ ሦስት ቀኔ ነው። ዛሬ ልመጣ ነበር።»

እምሩ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ተቀየሙኝ ብዬ ሳለቅስ፣ እሳቸው ለካ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው እየተለማመዱ ነበር።

ከዚያ ያሉኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምጽፍልህ፤ ያንተም ስለሆነ። ኮላውን በጨርቅ ከጣታቸው እየጠረጉ፣ እኔን ሳያዩኝ ነው የተናገሩት። «እናትሽ ተሾመች፣ ልጆችህ ፊትህን ረሱት እያለች ትነግረኝ ነበር። እኔ ማታ ስገባ እናንተ ተኝታችኋል፣ ጠዋት እናንተ ስትወጡ እኔ ተኝቻለሁ። እምሩ ጥርሱ ሲነቀል አላየሁም። አንቺ መራመድ ስትጀምሪ አላየሁም። መብራት አብርቼ ግንባራችሁን እያየሁ፣ እናንተን ተኝታችሁ ነው ያሳደግኋችሁ። እነዚህን ነቅተው አየኋቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ቀን ደብተሩን ስታሳዪኝ፣ እነሱንም ተኝተው ላሳድግ ነው ብዬ ነው እራቱ ያልወረደልኝ። አንቺ ምን አደረግሽ? አንቺማ እናትሽ የነገረችኝን ነው የነገርሽኝ። ያን ጊዜ አልሰማኋትም።»

ወንድምዓለም፣ በእማዬ ለቅሶ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ «እኔ አባቴን የማውቀው እሁድ እሁድ ነው» ብለህ ለዘመዶቻችን ስትናገር ሰምቼሃለሁ። ያኔ ተቆጥቼህ ነበር፤ ግን ውሸት አልነበረም። እሳቸውም የሰሙ ይመስለኛል። አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ስምህን ሲጠሩ ግን ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር።

አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ሱቁን አብረን ዘጋን። አንድ ተማሪ ጽሑፉን በደረቱ ታቅፎ እየሮጠ ደረሰና ለነገ ጠዋት ነው የማስረክበው ብሎ ለመነ። አባባ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ «ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ና፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አስረክብሃለሁ። አሁን የልጅ ልጆቼ ይጠብቁኛል» አሉት። እጃቸውን ይዤ በአፍንጮ በር ቁልቁል ወረድን። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር፤ ድልድዩ ላይ የሻጩና የተሳፋሪው ግፊያ ልክ የለውም። አባባ መንገዱን በብርሃን ማየት ከተዉ ስንት ጊዜያቸው ነው፤ ስለፈረሰው ሰፈር፣ ስለአዲሱ አስፋልት እየቆሙ ይጠይቁኛል። ቤት ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። ያቤፅ በሩን ከፈተ፣ አየ፣ ወደ ኋላው ዞሮ «ሩቲ! አባባ በቀን መጡ!» ብሎ ጮኸ።

አሁን ማታችን ምን እንደሚመስል ልንገርህ። አባባ ከገቡ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይጫወታሉ፣ ከዚያ ሁላችንም አንድ ላይ እራት እንበላለን። የልጆቹን እግር የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው፤ ለእኔ አይሰጡኝም። ማስተኛቱንም ወስደውታል። ተረታቸው ማለቂያ የለውም፣ ድምፃቸው ደግሞ ዝግ ያለ ነው። በዚያ ሰሞን አንድ ማታ ክፍሉ ጸጥ ሲል ገብቼ ልይ ብዬ ስነሳ፣ ሩቲ በእግሯ ጣቶች እየተራመደች ወጣች። ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ማሚ፣ አባባ ተኝተዋል። ድምፅ እንዳታሰሚ» አለችኝ። ያቤፅ ብርድ ልብሱን አልብሷቸዋል። አሁንማ እትዬ የሺዓለምም አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ራዲዮናቸውን ይቀንሱልናል፤ «ዶሮዎቹ ተኙ?» ይሉኛል እንጂ አይቀየሙም።

ከደንበኞቻቸው ጥቂቱ ሄዷል፤ የቀረው ጠዋት መምጣት ለምዷል። አባባ ቀድሞ የሚያነክሱባት ጉልበታቸው እንኳ ተሻላቸው፤ ለካ እሳቸውም እንቅልፍ አጥተው ነው የኖሩት።

ወሩ ሞላ፤ ያቤፅም ወደ ኬጂ አልተመለሰም። ታኅሣሥ ላይ ሚስ ትርሓስ ስትደውል ግን ልቤ ደንግጦ ነበር። እየሳቀች ነው ያናገረችኝ። ያን ዕለት ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሙሉውን ቆሞ አንብቧል። ከዚያ ከኋላው የተቀመጠ አንድ ልጅ ሲያንጎላጅ ሌሎቹ መሳቅ ሲጀምሩ፣ የእኔ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ሚስ፣ እሱ ሰነፍ አይደለም። ማታ በስንት ሰዓት እንደተኛ ጠይቂው» አላት። ስልኩን ዘግቼ ቢሮ ውስጥ በሰው ፊት አለቀስኩ። ማንበቡ አኮራኝ፤ ይሄኛው ግን ከማንበቡም በለጠብኝ። የሚስቁበትን ልጅ ሲያይ ከሚስቁት ጋር አልሳቀም።

ኩራት ደስ አይልም ትል ነበር እማዬ፣ እኔ ግን ዘንድሮ ኮርቻለሁ። ገመዱን ነቅሎ እስከ ዛሬ ባልሰካው ባሌ ኮርቻለሁ። አፌን ከፍቼ በመናገሬ በራሴም ትንሽ ኮርቻለሁ፣ አትሳቅብኝ። ከሁሉ በላይ ግን በአባታችን ኮርቻለሁ። ሰው በዚያ ዕድሜው የአርባ ዓመት ልማዱን ይለውጣል ብዬ አላስብም ነበር። አንተም ሰምተህ እንድትኮራ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ፍዮሪን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችው ሽርጥ ደርሶኛል፣ ቀለሙን ወድጄዋለሁ። ሚናስን ያቤፅ ማንበብ ጀምሯልና ደብዳቤ ጻፍልኝ ብሎሃል በለው። ለሊያ ሩቲ ባለቀለም ወረቀት ልካላታለች፣ ፖስታው ውስጥ አለ፤ ሲከፈት እንዳይበተን። ፊልሞን ወንድሜን በርታ በይልኝ ብሏል። ዘይኑዲንም አስደንግጬዋለሁ፣ ይቅር ይበለኝ ብሎሃል።

የአባባ ሰላምታ ግን ጥያቄ ነው። ደብዳቤ ልጽፍልህ መሆኑን ትናንት ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ፣ «እምሩ ከመስክ ማታ ሲገባ ልጆቹ ነቅተው ያገኛቸዋል? እሱን ጠይቂልኝ» አሉኝ። መልሱን ለእኔ አትላክልኝ፤ ለራሳቸው ደውልላቸው። ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ መንገድ ላይ ናቸው፤ ድምፅህን ሲሰሙ ጥግ ይዘው ይቆማሉ።

የምትወድህ እህትህ
ትህትና ዘገዬ

አራዳ፣ ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.